ሠርግ የሄደው ሰርቨር

ሽመክትን መጀመሪያ ያናደደው ሰው አልነበረም፤ ኢሜይል ነበር።

መብራት ሲጠፋ የማይናደድ፣ ውሃ ሲቋረጥ የማይናደድ፣ እንግዳ ሳሙና እንደተቀባ ከሻወር ውስጥ ደውሎ ሲሰድበው እንኳን «መጣሁ ጌታዬ» ብሎ ደረጃውን በሩጫ የሚወጣ ሰው ነው። ጁባ ከተማ፣ ካቶር ሰፈር ባለ አንድ የሐበሻ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነው፤ እዚያ ቤት ጥገና ማለት ደግሞ የውሃ ፓምፑም፣ ዋይፋዩም፣ የበር ቁልፉም፣ ሲቸግር የባለቤቱ የጥርስ ሕመምም ማለት ነው። ይህ ትዕግሥተኛ ሰው አንድ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት፣ ባሕር ማዶ ያለ ፎቶውን የሚያስቀምጥለት አንድ የክላውድ ድርጅት «ቦታዎ ሞልቷል፤ በካርድ ካልከፈሉ ፎቶዎችዎ ይጠፋሉ» ብሎ ጽፎ ጠበቀው።

በካርድ! ጁባ ውስጥ አብዛኛው ሐበሻ የሚያውቀው ካርድ የሠርግ መጥሪያ ነው። ሽመክት ኢሜይሉን ለጥበቃው አነበበለት፣ ለወጥ ቤቶቹ አነበበላቸው፣ ቁርስ ለመብላት ለወረዱት እንግዶች ሁሉ አነበበላቸው። የእናቱን ፎቶ፣ የእህቱን ልጆች ክርስትና፣ ጁባ የገባበትን አውቶቡስ ሳይቀር አንድ የማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው አገር፣ እግሩን ሰቅሎ ሊሰርዝበት ነው። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ሁሉ ሲጨመቅ አንድ ነገር ነበር፤ የራሴን ዕቃ ራሴ ቤት አስቀምጣለሁ።

ከወንዙ ወደብ አለፍ ብሎ ቢሮ የነበረው አንድ የእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክቱ አልቆ ዕቃውን በጨረታ ሲያወጣ፣ የከተማው ሰው በወንበሩና በፍሪጁ ተጋደለ። ሽመክት ማንም ዞር ብሎ ያላየውን አቧራ የጠጣ የኮምፒውተር ሳጥን ታቅፎ ወጣ። ቤቱ ወስዶ ጠረገው። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገጠመለትና አንዱ ቢሞት ሌላው ሁሉንም ይዞ እንዲቀር አደረገ። ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቀለ፤ በነፃ የሚገኝ የፎቶ ማስቀመጫ ፕሮግራም ጫነበት። በዝናብ ጊዜ ወለሉን ጎርፍ ስለሚጎበኘው ከፍ ያለ መደርደሪያ ሠራለት። ለአቧራው ደግሞ የገዛ አጎበሩን ከአልጋው አውልቆ ሰቀለለት። የጁባ ትንኝ ሁሉ ተጠራርቶ ሽመክትን ሲግጥ፣ ሰርቨሩ እንደ ልዑል አጎበር ውስጥ ተኛ።

የሰፈሩ ሐበሻ ሳቀ። ሽመክት አገባ ተባለ፤ ሚስቱ ብረት ናት፣ አትበላም፣ አትጨቀጭቅም፣ ታንጎራጉራለች ብቻ ተባለ። በአጎበሩ ላይ ብቻ የተቀለደው ቀልድ ለአንድ ሙሉ ጾም ይበቃ ነበር።

ሳቁ የቆመው ጋሽ ደበበ ስልካቸውን የተመነተፉ ዕለት ነው። ጋሽ ደበበ ሽመክት የሚሠራበት ሆቴል ባለቤት ናቸው፤ በዚያ ላይ የእድራችን ሊቀመንበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ከገዛ ሆቴላቸው በር ላይ፣ አንድ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል የሚሄድ ሌባ ከጆሯቸው ላይ ነጥቋቸው ሄደ። ያንገበገባቸው ስልኩ ሳይሆን ውስጡ የነበረው የልጃቸው የምርቃት ቪዲዮ ነበር። ደግነቱ ከዚያ በፊት ለማሾፍ ያህል ሽመክት ቤት ገብተው «እስቲ የኔንም ዋጥ አድርግልኝ» ብለው ነበር። ሳጥኑ የዋጠውን ሁሉ አዲሱ ስልካቸው ላይ መልሶ ተፋላቸው። በማግስቱ ሽመክት በር ላይ የቆመው ሰልፍ ነዳጅ ሲጠፋ ማደያ ከሚታየው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሁሉም ፎቶውን አስገባ፣ የይለፍ ቃል ተሰጠው፣ ከበሩ ሳይወጣ ረሳው፣ ከዚያም ተመልሶ «ምን ዓይነት ሥራ ነው የምትሠራው» እያለ ሽመክትን ተቆጣ።

ከመጡት ውስጥ አስረሳሽ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው።

አስረሳሽ የዚያው ሆቴል ወጥ ቤት ናት። ባሏ እሱባለው የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር፤ ከወንዙ እየቀዳ ለሐበሻው ሁሉ የሚያደርስ፣ ጡሩምባው ከሩቅ የሚታወቅ ሰው። እሷ ልትወልድ ደብረ ብርሃን ሄዳ ሳለ ወባ ያዘውና በአጭር ቀን ወሰደው። ሬሳውን አገር ቤት ማድረስ አልተቻለም፤ እዚሁ ጁባ ተቀበረ። እድሩ ድንኳን ጣለ፣ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ሽመክትም ሚስቱ አይታው እርሟን እንድታወጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኩ ቀረጸው። እሷ ግን አራስ ልጇን ታቅፋ ስትመለስ ቪዲዮውን አልቀበልም አለች።

«ስልኬ ላይ እንዳታደርገው» አለችው። «እኔ ጋ ካለ አያስችለኝም፤ አንድ ቀን ከፍቼ ልጄ ፊት እወድቃለሁ። አንተ ጋ ይቀመጥ። ማየት የምችልበት ቀን ሲመጣ እነግርሃለሁ።»

ሽመክት ሳጥኑ ውስጥ አስገባው። ያ የቀረጸበት ስልክ እሱ ውሃ ፓምፕ ሲጠግን ጉድጓድ ገብቶ ቀረ። ስለዚህ እሱባለው ሲሸኝ የሚታየው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አጎበር ውስጥ።

ከዚያ ሽመክት ትልቁን ስህተት ሠራ። ሳጥኑ ሲሞላበት እድሩን እርዳታ ጠየቀ።

እድሩ ለጋስ ነው፤ ትልልቅ ዲስኮችና ጠንካራ ባትሪ ገዛለት። ነገር ግን በእድሩ ደንብ በመዋጮ የተገዛ ነገር ሁሉ የእድር ንብረት ነው፤ የእድር ንብረት ደግሞ ቁጥር ይጻፍበታል። የዕቃ ቤት ኃላፊው አክሊል ሽመክት ሥራ ላይ እያለ ቀይ የዘይት ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጣ። ከድስቶቹና ከሰሃኖቹ ቀጥሎ ያለውን ተራ ቁጥር በሚያምር እጁ ጻፈበት። የጻፈው የት ላይ ነው? ሳጥኑ በሚተነፍስበት ቀዳዳ ላይ! ሽመክት ሲመጣ ሰርቨሩ እንደ ዳቦ ግሏል። እሑዱን ሙሉ በመርፌ ቀለም ሲፍቅ ዋለ። አክሊል ደግሞ ተቀየመ፤ እንዲህ ያማረ ቁጥር ለትልቁ ብረት ድስት እንኳን ጽፎ እንደማያውቅ ለሰው ሁሉ ተናገረ።

ሽመክት ሄዶ ለጋሽ ደበበ አቤት አለ። ሳጥኑን በገዛ ደመወዙ እንደገዛው፣ ፕሮግራሙን ራሱ እንደጫነው፣ ይህ ድስት እንዳልሆነ ዘርዝሮ አስረዳ። ጋሽ ደበበ ጥርሳቸውን ይዘው አዳመጡትና ፈረዱ፤ ሳጥኑ ያንተ ነው፣ ሆዱ የእድሩ ነው።

እንዲህ ዓይነት ፍርድ ምን እንደሚያመጣ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ሶሊ ስታገባ ነው። የሶሊ እናት ወይዘሮ አባይነሽ ኮር ዊሊያም ሰፈር ውስጥ የመጠጥ ማከፋፈያ አላቸው፤ ድምፃቸው ከማከፋፈያው ይሰፋል። ደንቡ ድግስ ያለበት አባል ዕቃ ቤቱን አስከፍቶ የሚያስፈልገውን ይውሰድ ይላል። ወይዘሮ አባይነሽም ድንኳኑን አዘዙ፣ ወንበሩን አዘዙ፣ ድስቶቹን አዘዙ፣ በመጨረሻም «ያንን ፎቶ የሚያወጣውን» አዘዙ። የልጃቸው የሕፃንነት ፎቶ በሠርጉ ላይ እንዲታይ ነው። ፎቶው በስልካቸው እንደሚከፈት ማን ይንገራቸው? ዕቃ ከተፈለገ ዕቃው ይመጣል፤ ይኸው ነው።

አክሊል ከረዳቶቹ ጋር ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዞ ሽመክት ቤት ሄደ። አከራዩ ማሂር የእድር ሰዎች መሆናቸውን ስለሚያውቅ በሩን ከፈተላቸው። ሳጥኑን ነቀሉት። ዕቃ ሲጠፋ ተጠያቂ የሚሆነው አክሊል ነውና ከነአጎበሩ ጠቅልሎ በሁለት ብረት ድስት መሐል አስቀመጠው። የሽመክት ሰርቨር ነጭ ቬሎ ለብሶ፣ በግራና በቀኝ በሚዜ ታጅቦ፣ የካቶርን ጉድጓድ ሁሉ እየዘለለ ሠርግ ሄደ።

ማሂር በኋላ ነገሩ ከነከነውና ደወለ። «ኮምፒውተርህ ሠርግ ሄዷል» አለው፤ «ማሌሽ» ብሎም በዐረብኛ ይቅርታውን ጨመረበት። ሽመክት ቀልድ መሰለው። ሰዓቱን አየ፤ እኩለ ቀን ነው፤ የጁባ ሰው በዚያ ሙቀት እንደማይቀልድ ገባውና ሮጠ።

ኮር ዊሊያም ሲደርስ ሳጥኑ ከኬኩ አጠገብ በሚያብረቀርቅ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ አናቱ ላይ ውሃ የተሞላ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበት አገኘው። አበባውን አንስቶ ሲያበራው ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ አይመልስም። የትኛው ጉድጓድ ላይ እንደሞተ አይታወቅም። የቀረው አንድ ነው። ሦስተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ መኖር አለበት እያለ ለሰው ሁሉ ሲሰብክ የኖረው ራሱ ሽመክት ዛሬ ነገ እያለ አላደረገውም ነበር። ይህን ሲያስብ ንዴቱ እጥፍ ሆነ፤ ከሰው ላይ ተርፎ ወደ ራሱ ዞረ። ሳጥኑን ታቅፎ ሊወጣ ሲል ወይዘሮ አባይነሽ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ስንት ዓመት ድስት ስዋስ ነካሽኝ ብሎኝ የሚያውቅ ድስት የለም።»

ሠርግ ቤት መጨቃጨቅ ነውር ነው። ሽመክት ጥርሱን ነክሶ ሳጥኑን ድንኳኑ ውስጥ ከቆመው ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘና አጠገቡ ቆመ፤ ማንም እንዳይነካበት እንደ ጥበቃ። ሶሊ በጥርስ አልባ ድዷ ስትስቅ ታየች፤ እልልታ። ሶሊ ዩኒፎርም ለብሳ ታየች፤ እልልታ። ሽመክት እንኳን ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ፕሮግራሙ ግን አንድ አመል አለው፤ ያዘዙትን ሲጨርስ ዝም አይልም፣ «በዛሬዋ ቀን፣ ከዓመታት በፊት» ብሎ የራሱን መርጦ ያወጣል። በዚያች ቀን፣ ከዓመታት በፊት፣ የእሱባለው ለቅሶ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ላይ ድንኳን ታየ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች፣ መሐላቸው የእሱባለው ፎቶ። እንግዳው መጀመሪያ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ያው ድንኳን ነው። ጥጉ ላይ የተጣፈው ሰማያዊ ጨርቅ ሳይቀር ያው ነው። እልልታው ተቋረጠ። ጓሮ ውስጥ ዶሮ ወጥ ስታወጣ የነበረችው አስረሳሽ ምን ሆኑ ብላ ጠየቀች።

ሽመክት መሰኪያውን መዞ ሳጥኑን ቤቱ ይዞ ሄደ። ወሬው ግን አብሮት አልሄደም። ወይዘሮ አባይነሽ በልጄ ሠርግ ሟርት ገባብኝ ብለው ሙሉ ሳምንት ጮኹ። ለእድሩ ያቀረቡት አቤቱታ አጭር ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ለቅሶ በሙሉ ይጥፋ፣ ሳጥኑም ንጹሕ ሆኖ ለድግስ ይዋል። የሚገርመው ይህ አይደለም። የሚገርመው የተስማማው ሰው ብዛት ነው። የእናታቸውን ለቅሶ እዚያ ያስቀመጡ ሰዎች ሳይቀሩ «እውነት ነው፣ ደስ አይልም» አሉ።

ሽመክት ወደ አስረሳሽ ሄደ። የእሱባለውን በፍላሽ አድርጎ እንዲሰጣት፣ ማንም ሳያይ፣ ለመናት። ሽንኩርት እየከተፈች አዳመጠችው።

«ተደብቄ የማስቀምጠው ምን ሰርቄ ነው?» አለችው። «እድሩ ነው የቀበረልኝ። እድሩ ይያዝልኝ።» ሽመክትም ቃሏን አክብሮ ቅጂ ሳያወጣ ቀረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው በጋሽ ደበበ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። ሳጥኑም እንደ ተከሳሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ማጥፋቱ ሁሉም እያየ በአዳራሹ ትልቅ ቴሌቪዥን እንዲከናወን ተፈልጎ ነው። ሽመክት ለመናገር ዕድል ሲሰጠው በሕይወቱ ለማንም ያላሰማውን ድምፅ አወጣ።

«ድንኳኑስ?» አለ። «ድንኳኑን ለምን አታቃጥሉትም? ሶሊ የተሞሸረችበት ወንበር ላይ ማን ለቅሶ ተቀምጦበት ነበር? ጥሬ ሥጋ የበላችሁበት ትሪ ባለፈው ወር ንፍሮ አልቀረበበትም? እድር ማለት ምን ማለት መስሏችሁ ነው? ሞትና ሠርግ በአንድ ድስት የሚሠራበት ቤት ነው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው የሚያስታውሰው ብቻ ነው?»

«ትሪ ይታጠባል» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። «ይሄ ይታጠባል?»

ጋሽ ደበበ ለሁለቱም የሚሆን መፍትሔ ያገኙ መሰላቸው። ማጥፋት ማለት ያው ማጠብ ነው አሉ። ቀጥለውም ሽመክትን ነገ ሥራ እንዳለው አስታወሱት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሊቀመንበር ሆኖም አለቃ ሆኖም ለሚናገር ሰው ከባድ አይደለም። ከዚያ እጅ እንዲወጣ ጠየቁ። እጅ መውጣት ጀመረ፤ ከፊት ወንበር አንድ፣ ከመሐል ሌላ፣ ከዚያም አዳራሹ ማሳ መሰለ።

አስረሳሽ ከኋላ ተነሳች። ሽርጧን እንኳን አላወለቀችም።

«የሚጠፋ ከሆነ አይቼው ይጥፋ» አለች። «ክፈተው፣ ሽመክት።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። እንዲህ በድንገት፣ ሰው ፊት፣ ይቅርብሽ አሏት። ሽመክትም ቀኑ መሆኑን ጠየቃት፤ እንዳልሆነ በግልጽ ነገረችው። ቀኑ አልደረሰም፤ ግን ቀኗን ሌላ ሰው እጅ አውጥቶ ሊወስንባት ነው።  የወጡት እጆች እንዴት እንደሚወርዱ ግራ ገብቷቸው አየር ላይ ቆዩ። ሽመክት ከፈተው።

መጀመሪያ የታዩት ጋሽ ደበበ ናቸው። እጅጌያቸውን ጠቅልለው የድንኳን ካስማ ይመታሉ፤ ይመታሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እንደገና ይመታሉ፤ ካስማው ከገባ ቆይቷል። ቀጥሎ አክሊል፣ ወንበር ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ከአንድ ይጀምራል። ከዚያ ወይዘሮ አባይነሽ ገቡ። ደረታቸውን እየመቱ፣ ከተማው ተቃውሶ አንድ መኪና በማይንቀሳቀስበት ጊዜ እሱባለው ብቻውን ቦቴውን እየነዳ ውሃ እንዳደረሰላቸው ይናገራሉ። ድንገት ስልኩን አዩና ወደ ሽመክት ዞሩ።

«ቅረጸው ልጄ» አለ የስክሪኑ ድምፃቸው። «ሚስቱ የለችም። ሁሉንም ቅረጸው፣ መጥታ ታየዋለች፣ አንዱም እንዳይቀር።»

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወይዘሮ አባይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ስክሪኑ ላይ የግቢው በር ተከፈተ፤ የሬሳ ሳጥኑ የፊት ጫፍ ታየ፣ የተሸካሚዎቹ ትከሻም። መብራት ጠፋ።

አስረሳሽ ጥቁር የሆነውን ቴሌቪዥን ማየቷን ቀጠለች። የሽመክት እጅ ሳጥኑ ላይ አረፈ፤ አንድ ዲስክ ብቻ የቀረው ማሽን እንዲህ በድንገት ሲጠፋ ተመልሶ ላይነሳ እንደሚችል እሱ ያውቃል። ይህንኑ ተናገረ። ያኔ አዳራሹ ፈነዳ። ሊያጠፉት የመጡ ሰዎች ለምን ጠፋ ብለው ተነሱ! ጄኔሬተሩ የት ነው ተባለ። ጋሽ ደበበ እሑድ እሑድ እንግዳ ስለሌለ ናፍጣ እንደማያስገቡበት አመኑ። ሆቴል ከከፈቱበት ቀን ጀምሮ እስከ ጥርሳቸው ድረስ ያልተሰደበ ነገራቸው የለም። አክሊል ባዶ ጀሪካን አንስቶ ሮጠ። ጋሽ ደበበ በዚያ ዕድሜያቸው ሌላውን ጀሪካን ይዘው ተከተሉት። ወይዘሮ አባይነሽ መጋዘን ስልክ ደውለው ከጭነት መኪናው ታንከር ናፍጣ በጎማ ስባችሁ አምጡ አሉ። ጁባ ውስጥ ለአንድ ቪዲዮ ይህን ያህል ናፍጣ የተንቀሳቀሰበት ቀን የለም።

ጄኔሬተሩ አስነጠሰ፣ ተነሳ። ሽመክት የሳጥኑን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ማንም የማያነበው ነጭ ጽሑፍ መስመር በመስመር መውረድ ጀመረ፤ ሳጥኑ ራሱን እየመረመረ ነው። ከቅዳሴ አብረው የመጡት ቄስ ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ተከተሉት። አንድ መስመር ላይ ቆመ። ሽመክት ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ጋሽ ደበበ ከነጀሪካናቸው በሩ ላይ ደርቀው ምን እያለ ነው ብለው ጠየቁ፤ ዝም በሉ የሚል መልስ ከራሳቸው ተቀጣሪ አገኙ፤ ታዘዙ። መስመሩ ተንቀሳቀሰ።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሽመክት የእሱባለውን አገኘና ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«በር ላይ ነበር» አለች አስረሳሽ። «ከበር አስገባው።»

ወይዘሮ አባይነሽ ወንበራቸውን ጎትተው ከጎኗ አደረጉት። ሌሎቹም ሴቶች እየጎተቱ መጡ፤ ጎን ለጎን፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሬሳ ሳጥኑ በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ግቢውን አልፎ ወደ ድንኳኑ መጣ፣ አስረሳሽም ከመቀመጫዋ ተነሥታ በስሙ ጠራችው።